መብራቱ አማርኛ እስኪሰማ

እናቴ ሳሎን ተቀምጣ የትኛው ክፍል ውስጥ አምፖል ያለ ሥራ እንደሚበራ ታውቃለች። «ጓዳ ማን አለ? ቆጣሪውን ማን ሊከፍልልኝ ነው?» የሚለው ድምጿ ለእኛ ለአራት ልጆቿ የልጅነታችን ዜማ ነው። አይፈረድባትም። አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መብራትን ያወቀችው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በቤተ መንግሥት ነው ይባላል። እናቴ ግን ገጠር ተወልዳ በኩራዝ ጭስ ያደገች ሰው ናት። በራሷ ቤት አምፖል ያበራችው አግብታ ከተማ ከገባች በኋላ ነው። መብራት ለእሷ ዝም ብሎ የሚባክን ነገር አይደለም።

ዛሬ 74 ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሐኪም ግላኮማ እንዳለባት ነገረን። ሕመሙ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ነው፤ ሰውዬው ፊት ለፊቱን እያየ ስለሆነ ቶሎ አይታወቀውም። የጠፋው እይታ ተመልሶ አይመጣም። በየቀኑ የሚደረገው ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። ሐኪሙ «እናንተም ልጆቿ ተመርመሩ፤ በዘር የመተላለፍ ነገር አለው» ብሎን ሁላችንም ታይተናል። እናቴ ቀን ቀን ደህና ናት፤ ቡና ታፈላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ የሰው ፊት ትለያለች። ሲመሽ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስትገባ ዓይኗ ቶሎ አይለምድላትም።

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለሽንት ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። የመኝታ ቤቷ ማብሪያ ያለው በሩ ጥግ ነው፤ ከአልጋዋ አምስት እርምጃ ይሆናል። የኮሪደሩ ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ ላይ። ማብሪያው ዘንድ ለመድረስ ጨለማውን ማቋረጥ ግድ ነው። የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ ከረመች።

ያኔ ቤተሰብ ተሰበሰበ። እኔ «እኔ ጋ ትምጣ» አልኩ፤ ግን የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እዚያ ማስገባት ማለት ከቤተ ክርስቲያኗም ከእድሯም መለየት ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ «እኔ ጋ ትምጣና ትረፍ» አለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አብራት የምታድር ሠራተኛ እንቅጠር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እናቴ ሁላችንንም አዳምጣ ስታበቃ እንዲህ አለች፦

«ይኼን ግድግዳ አርባ ዓመት ዳስሼዋለሁ። ዓይኔ ባያየው እጄ ያውቀዋል። እኔን የጣለኝ ቤቱ አይደለም፣ ጨለማው ነው። ጨለማውን አስወግዱልኝና ተዉኝ።»

መልስ ያጣንለት ነገር ነበር። እህቴ በማግስቱ ደውላ «በድምፅ የሚታዘዝ መብራት እልካለሁ፤ እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትናገራለች፣ ይበራል» አለችኝ። እዚያ እሷ ቤት ልጆቿ ሳሎኑንም ኩሽናውንም በአፋቸው ነው የሚያበሩትና የሚያጠፉት።

ካርቶኑ በሰው እጅ መጣ። አንድ ትንሽ ክብ ስፒከርና ስድስት አምፖሎች። ስፒከሩ ምንም አላስቸገረም፤ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ለሶኬቱ መቀየሪያ ብቻ ነው የፈለገው። አምፖሎቹ ላይ ግን 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። አምፖሉ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የእኛ መያዣ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ግን ከተሠራበት እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ነው የሚያገኘው። ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚላክላችሁ ሁሉ ይኼን ቁጥር ሳታዩ ምንም ነገር እንዳትሰኩ። ስድስቱን መልሼ አሸግኳቸውና ለ220 ቮልት የተሠሩ፣ በዋይፋይ የሚገናኙ አምፖሎች እዚሁ ከተማ ፈልጌ ገዛሁ።

ስለ አሠራሩ ላስረዳ። እነዚህ አምፖሎች ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ አላቸው። ከቤቱ ራውተር ጋር በዋይፋይ ይገናኛሉ፣ በስልክ መተግበሪያ ደግሞ ስም ይወጣላቸዋል፤ መኝታ ቤት፣ ኮሪደር፣ ሳሎን እየተባለ። አብዛኞቹ የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ዓይነት ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝም የሚለቅ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ስም መስጠት ብዙ ልፋት ያስቀራል። ስፒከሩ መጠሪያ ስሙን ሲሰማ ይነቃል፤ ቀጥሎ የተነገረውን በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተሮች ይልካል። እዚያ ተተርጉሞ ትእዛዙ ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይመጣል። ከእናቴ አልጋ እስከ አምፖሉ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። «አብራ» የሚለው ቃል ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመለሰው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ገጣጥመን ጨረስን። ልጆቼ በደስታ አበዱ። ትልቋ በእንግሊዝኛ ታዝዛለች፣ ኮሪደሩ ይበራል። ትንሹ ይቀማታል፣ ሳሎኑ ሰማያዊ ይሆናል። ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ አየ። እናቴም ሶፋው ላይ ተቀምጣ አየች። ቆይታ ቆይታ «እኔስ ምን ልበለው?» አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስፒከሩ ከሚሰማቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አየሁት። ስልካችን አማርኛ ሲነገር ሰምቶ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ ጉግል በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ተርታ አማርኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰምቶ መጻፍና ሰምቶ መብራት ማብራት ግን ለየብቻ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። የእኛ ስፒከር የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም በአማርኛ አይችልም።

እናቴ እንግሊዝኛ ትማር ተባለ። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ አራት ቃል አስጠናቻት። ቀን ላይ፣ በዝግታ፣ ሦስት ጊዜ ስትሞክር ሁለቴ ሠራላት። ማታ ከእንቅልፏ ስትነቃ ግን ቃሉ ይጠፋባታል። በእንቅልፍ ልብ በባዕድ ቋንቋ የሚናገር ማን አለ? ደግሞም ከድንጋጤ ጋር ነው የምትነቃው። አንድ ሌሊት ጭራሽ ስሙን ብቻ ደጋግማ ጠርታ፣ ስፒከሩም ያልገባትን ነገር በእንግሊዝኛ ሲመልስላት፣ በዚያ በጨለማ የማታውቀው ሰው ክፍሏ ገብቶ የሚያናግራት ያህል ፈርታ ነጋ። ጠዋት ስሄድ ፎጣ አልብሳው አገኘሁት።

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ አፍ አውጥተው መብራት ያዛሉ። እኔ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ 'እባካችሁ አብሩልኝ' እላለሁ» አለችኝ። «ድሮ ቢያንስ ማብሪያው ቋንቋ አይመርጥም ነበር።»

ይኼን ስትል አልተቆጣችም። ግን ነገሩን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። የገባው ዕቃ ቤቱን ሁሉ ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ መብራት የሚታዘዝላቸውና የማይታዘዝላቸው። የማይታዘዝላት ደግሞ ዕቃው የተገዛላት ሰው ናት።

ሌሎችም ጉዳዮች ተከተሉ። የመጀመሪያው የማብሪያው ነገር ነው። እንዲህ ያለ አምፖል ትእዛዝ የሚሰማው ኃይል እያገኘ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የግድግዳው ማብሪያ ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት አለበት። አርባ ዓመት ሙሉ መብራት እየተከታተለች ስታጠፋ የኖረች ሴት ደግሞ እጇ ራሱ ያጠፋዋል። ግድግዳው ላይ ከጠፋ ስፒከሩ ቢለምነው አይሰማም። «ሳይበራም ይበላል ማለት ነው?» ስትለኝ ሒሳቡን ሠርቼ አሳየኋት። አምፖሉ ሳይበራ ትእዛዝ ሲጠብቅ ግማሽ ዋት ገደማ ቢወስድ በወር ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያንሳል። ሒሳቡን ተቀበለች፤ እጇ ግን አልተቀበለም።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። መተግበሪያው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው። «በ12 ሰዓት ይብራ» ማለት ለእኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ለእሱ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት። ስድስት ሰዓት እየጨመሩ መሙላት ያስፈልጋል። የእኛ አገር ለዚህ የሚመች ነገር አለው፤ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። በክረምትና በበጋ የሚለያየው ደቂቃ ነው እንጂ አውሮፓ እንደሚሆነው ሰዓታት አይደለም። አንዴ የሞሉት ሰዓት ለዓመት ይበቃል።

ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ብዙዎቹ አምፖሎች በራሳቸው ይበራሉ፤ ሲሠሩ የተሰጣቸው ልማድ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ሲመጣ የእናቴ ቤት እንደ ሠርግ ቤት በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ይኼ መፍትሔ አለው። መተግበሪያው ውስጥ «ኃይል ሲመለስ እንደነበረ ይቆይ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ማስተካከል ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ስፒከሩ ዲዳ ይሆናል። ለዚህ እኔ የማስተካክለው ነገር የለም።

አራተኛውን ያነሱት የቡና ጎረቤቶቿ ናቸው። አንዲቱ እናት «ይኼ ነገር ሁልጊዜ ይሰማል?» ብለው ጠየቁኝ። ስሙ እስኪጠራ ጆሮውን ጥዶ ይጠብቃል፤ ከተጠራ በኋላ የሰማውን ይልካል፤ የላከው ደግሞ በመተግበሪያው ሊታይና ሊሰረዝ ይችላል ብዬ አስረዳሁ። ማይክሮፎኑን የሚዘጋ ቁልፍም አሳየኋቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ እሱ እያለ የሰው ስም አናነሳማ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና ሲፈላ ስፒከሩ ጓዳ ይገባል።

መፍትሔው ከቤታችን ወጣ። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ስለ ስፒከሩ ስንጨዋወት ሰምቶ «አጎቴ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሌላ መንገድ አለ» አለኝ። ከትምህርት ቤት ፕሮጀክቱ የተረፈች፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ የድምፅ መለያ ሰሌዳ አመጣ። አሠራሯ ከስፒከሩ ፈጽሞ ይለያል። ስፒከሩ ቋንቋ ነው የሚያውቀው፤ ይህች ምንም ቋንቋ አታውቅም። አንድ ሰው አንድን ቃል ሁለቴ ይነግራታል፣ የድምፁን ቅርፅ ትይዛለች። በኋላ የምትሰማውን ከያዘችው ጋር ታመሳክራለች፤ ከገጠመ አንድ ምልክት ትልካለች። ኦሮምኛ ሆነ ጉራጊኛ፣ ግዕዝም ቢሆን ለእሷ ግድ የላትም። 80 ቃል ትይዛለች፣ በአንድ ጊዜ ግን 7ቱን ብቻ ነው የምታዳምጠው። ቃሉም ከአንድ ሰከንድ ተኩል መብለጥ የለበትም። ለእናቴ ሦስት ቃል ይበቃታል።

ቃል መምረጡ ግን አንድ ሙሉ እሁድ ፈጀ። መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ዕቃውን ምን ብለን እናዘው የሚል ነበር። እንግሊዝኛ ይኼ ችግር የለበትም፤ በአማርኛ ግን ማንንም ስታዝ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ወይስ እርስዎ ነዎት የሚለውን ሳትወስን አፍህ አይከፈትም። «አብራ» ልበለው «አብሪ»? ልጄ «አብሪ» አለች፤ የስፒከሩ ድምፅ የሴት ስለነበር ነው። እናቴ «ዕድሜውን ሳላውቅ አንተ አልለውም» ብላ አሳቀችን። የወንድሜ ልጅ «እማማ፣ 'ይብራ' እና 'ይጥፋ' ይሁን፤ ማንንም ማዘዝ የለበት» አለ። ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ስንሞክረው ግን አልሠራም። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ሁለቱም በ«ይ» ጀምረው በአንድ ዓይነት ድምፅ ያልቃሉ። ሰሌዳዋ እየተምታታባት ይብራ ሲባል ታጠፋለች።

የሚለያይ ቃል ያስፈልጋል ተባለ። «ለማብራት 'መብራት'፣ ለማጥፋት 'ጨለማ'» አለ ልጁ። እናቴ ፊቷን አጠቆረች። «በሌሊት ቤቴ ውስጥ ጨለማን በስሙ አልጠራም» አለች። ሟርት መሆኑ ነው። ማንም አልተከራከራትም።

ከዚያ እኔ ጠየቅኋት፤ «እማዬ፣ ድሮ እናንተ ቤት ማታ ኩራዝ ሲበራ ምን ትሉ ነበር?» አልኳት። ሳታስብ መለሰች። «እንደምን አመሸን ነዋ!» እውነትም እኛም ልጆች ሆነን መብራት ሲበራ ቤት ያለ ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ሰላምታ ይለዋወጥ ነበር። ሳይበራ የዋለ ቤት ሲበራ፣ አብረን የዋልነው ሰዎች እንኳን እንደገና የተያየን ያህል «እንደምን አመሸን» እንባባላለን። አሁን ያ ልማድ ቀርቷል፤ መቼ እንደቀረ አላስታውስም። ለሳሎኑ መብራት ማብሪያው ቃል እሱ ሆነ። ማጥፊያው «ደህና እደሩ»። እነዚህን ለመናገር እናቴ ምንም ማጥናት አላስፈለጋትም።

ዋናው ሦስተኛው ነው፤ የሌሊቱ። የወንድሜ ልጅ ሰው በድንጋጤ ሲነቃ አፉ ላይ የሚመጣው ቃል ነው የሚሻለው ብሎ «ማታ ስትነሺ ምን ትያለሽ?» አላት። «እመቤቴን እጠራለሁ» አለችው። «እንግዲያው እሱ ይሁና!» ሲላት ተቆጣች። «የእመቤታችንን ስም ለአምፖል ማብሪያ? ምን ነካህ አንተ ልጅ!» ነገሩ እዚያው ቆመ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «'ተነሣሁ' ልበል» አለች። «ለማንም መናገር ያለብኝ እሱን ነው። ተነሥቻለሁ ማለት።»

ድምፅ ማስቀረፁ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሥራው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሌዳዋ የምትልከውን ምልክት አርዱዪኖ የሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ይቀበላል፤ እሱ ደግሞ ሪሌ የሚባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ያንቀሳቅሳል። ሳሎኑን የሚነካው 220 ቮልት ስለሆነ እሱን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጠነው። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ ሪሌውን ከግድግዳው ማብሪያ ጋር አገናኘው፤ ልክ ደረጃ ላይ ያለ አምፖል ከላይም ከታችም እንደሚበራው። በዚህ አገጣጠም የግድግዳው ማብሪያ እንደ ድሮው ይሠራል። በቃል የበራውን በእጅ ማጥፋት፣ በእጅ የበራውን በቃል ማጥፋት ይቻላል። የእናቴ እጅ ልማዱን እንዳይተው ተደረገ ማለት ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር የምትሞክሩ ወጣቶች ካላችሁ እዚህ ጋ ያለውን ሥራ ለባለሙያው ተዉት።

ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤት ላለው መንገድ ግን 220 ቮልት አልተጠቀምንም። በ5 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ ገመድ ግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ለጠፍን። ቀለሙ ነጭ ሳይሆን ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ነጩ ከእንቅልፍ የነቃ ዓይን ላይ ያንጸባርቃል፤ ይኼኛው ወለሉን ብቻ ያሳያል። የምትረግጠውን ማየት ነው የምትፈልገው። ኃይሉን የሚያገኘው ቀን ቀን ከሚሞላ ባትሪ ነው። ሰሌዳዋም ከዚያው ባትሪ ትጠጣለች። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ይህች መንገድ አትጨልምም። «ተነሣሁ» ስትል ትበራለች፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሷ ትጠፋለች። ማጥፊያ ቃል አልተሰጣትም። እናቴ መንገድ ላይ እያለች በስህተት እንዳትጠፋባት ነው።

ነገሩ እንከን የለውም አልልም። ሰሌዳዋ የእናቴን ድምፅ ነው የተማረችው። ልጆቼ አያታቸውን እያስመሰሉ ቢጮሁ አንዴ ትሰማቸዋለች፣ አምስቴ ትተዋቸዋለች። ቴሌቪዥን ሲጮህ አትሰማም። ከሦስት ሜትር በላይ ከራቁ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። እናቴ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ የተዘጋ ሰሞን ሁለት ሌሊት አልታዘዝ ብላታለች፤ ስለዚህ ከትራሷ አጠገብ አንድ የእጅ ቁልፍ ጨመርን። ቃልም ሆነ ቁልፍ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው አለ። ለደካማ ሰው የሚሠራ ነገር ሁልጊዜ ሁለተኛ መንገድ ሊኖረው ይገባል።

እህቴ የላከችውን ስፒከር አልጣልነውም። ሳሎን ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ሲመጡ ሙዚቃ ያዙታል። የዋይፋይ አምፖሎቹም በር ላይና ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ሲመሽ በሰዓታቸው ይበራሉ፣ ሲነጋ ይጠፋሉ። ለሰዓት ሥራ ጎበዝ ናቸው። እህቴ ያሰበችው ትክክል ነበር። እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትናገራለች፣ ይበራል። የጎደለው የመጨረሻው አንድ እርምጃ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያለው ነው። እሱን እዚሁ ያለ የልጅ ልጅ ሞላው።

ስለ ሠራተኛ መቅጠሩና ስለ አሜሪካው ጉዞ ያለው ውይይት ለጊዜው ቆሟል። ለዘለዓለም እንዳልቆመ ሁላችንም እናውቃለን። ግላኮማው ባለበት እንዲቆይ ጠብታዋን ታደርጋለች፤ ቀን ግን መቁጠሩን አይተውም። እስከዚያው እናቴ በራሷ ቤት፣ በራሷ አልጋ፣ ማንንም ሳትቀሰቅስ ተነሥታ ትመለሳለች። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል አንድ ቀን «እማዬ፣ እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። እናቴ ካሜራውን ዞር አድርጋ «እንደምን አመሸን!» አለች። ሳሎኑ በራ። እህቴ ከወዲያ ማዶ ምንም ሳትል ቆየች። ከዚያ እዚያ ገና ቀን መሆኑን ረስታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸሽ» ብላ መለሰች።

እናት አባቶቻችሁ ብቻቸውን የሚያድሩባችሁ አንባቢዎች፣ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብታደርጉ እመክራለሁ። አንድ ሌሊት እነሱ ቤት እደሩ። መብራት ሁሉ ጠፍቶ ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃው ሂዱ። ስንት እርምጃ ነው? የምንጣፍ ጠርዝ የት አለ? ደፍ የት ይነሳል? ማብሪያው ከየትኛው እጅ በኩል ነው? ከዚያ ጠይቋቸው፤ በሌሊት ሲነቁ አፋቸው ላይ የሚመጣው ቃል ምንድን ነው? በድምፅ የሚታዘዝ መብራት ከመደርደሪያ ላይ ይገኝ ይሆናል። የሚታዘዝበት ቃል ግን ያለው እነሱ አፍ ውስጥ ነው፤ ተቀምጦ መጠየቅ ይፈልጋል።